የመድረክ መጋረጃና ስሙ ያልተጻፈ ሠዓሊ

ስለ አገራችን ቴያትር የሚጻፈው እየበዛ መኼዱ የሚያስደስት ኾኖ ሳለ፣ አንድ ነገር ግን ዘወትር ተዘሎ ሲታለፍ እናያለን። ይኸውም ተዋናዩ ቆሞ ከሚናገርበት ሥፍራ በስተጀርባ የሚሰቀለው ሥዕል ነው። ደራሲው በስሙ ይጠራል። አዘጋጁም በስሙ ይመሰገናል ወይም ይነቀፋል። በትምህርት ቤት ቴያትር ንጉሥ ኾኖ የተጫወተ ልጅ ዐሥር ዓመት ካለፈ በኋላ እንኳ በገበያ መካከል «ጃንሆይ» እየተባለ ሲቀለድበት ሰምተናል። ግንቡን፣ ተራራውንና ሰማዩን የሠራው ሰው ግን መጋረጃው ሲጠቀለል ዐብሮ ይጠቀለላል።

በዚህ ጽሑፍ ያሰብነው በኢሉባቦር፣ በዳሪሙ ከተማ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ተጠቅልሎ ያገኘነውን አንድ የመድረክ መጋረጃ መርምረን፣ ስለ ሥራውና ስለ ሠራተኛው የሚመስለንን ለመናገር ነው። አንባቢ ለሠዓሊው ክብር የሚለምን ጽሑፍ ብቻ እንዳይጠብቅ አስቀድመን እናስታውቃለን። ስሙ የማይታወቅ ሰው የሚጎድለው ምስጋና ብቻ አይደለም፤ ነቀፋም ይጎድለዋል። ነቀፋ የማይደርስበት ሥራ ደግሞ ስሕተቱን ከዓመት ወደ ዓመት ይዞ ይዘልቃል። የምንከራከረው ስለዚህ ነው።

የቴያትራችንን ታሪክ ለሚያውቅ አንባቢ ብዙ ማተት አያሻም። የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎች ተውኔት ፈር ቀዳጅ መኾኑ፣ የአገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. መመሥረቱ፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴያትር የሚባለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴያትር በ1948 ዓ.ም. መከፈቱ በየክፍሉ የሚነገር ነው። በዚያ ምረቃ የታየው የራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። ታሪኩን ከመጽሐፈ ሳሙኤል የምናውቀው ነው፤ ዳዊት በሰገነቱ ላይ ሲመላለስ ወደ ታች ተመለከተ ይላል። እንዲህ ያለውን ታሪክ በመድረክ ላይ የሚያሳይ ሰው ሰገነት ያስፈልገዋል፤ ኢየሩሳሌምም ታስፈልገዋለች። ስለ ምረቃው ሲወራ ግን የሚነሣው የደራሲው ስምና የሕንፃው ግርማ ነው። ኢየሩሳሌምን ማን ሠራት ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ በክፍላችን አልገጠመንም።

አንዳንዶች ይህ የስም መጥፋት ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል የተወረሰ ልማድ ነው ይላሉ። ነገሩ በከፊል እውነት ነው። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ የሚሥለው ለነፍሱ ነውና ስሙ ባይጻፍ ቅር አይለውም። ኾኖም በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ፍሬ ጽዮን በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ በሚገኘው ሥዕል ላይ ስሙ ተጽፎ ይታያልና፣ ልማዱ ሕግ አልነበረም። ከመድረክ መጋረጃ ጋራ ይበልጥ የሚቀራረበው ደግሞ የመቅደሱ መጋረጃ ነው። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ከመቅደላ ከወሰዱት ዕቃ መካከል ዛሬ በለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኝ፣ ቁመቱ ከ5 ሜትር የሚበልጥ፣ በሐር የተሠራ ታላቅ መጋረጃ አለ። በላዩ ላይ የንጉሥና የንግሥት መልክ ተሸምኖበታል። ነገሥታቱ እነማን እንደ ኾኑ ሊቃውንት ይመራመራሉ፤ ሸማኔዎቹ እነማን እንደ ኾኑ ግን የሚነገር የለም።

ይኹን እንጂ በኹለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። የቤተ ክርስቲያኑ ሠዓሊ ስሙ ቢጠፋ ሥራው ግድግዳው ላይ ቀርቷል። ዐዋቂ ሰው አንዱን ቤተ ክርስቲያን ከሌላው እያስተያየ፣ ዐይኑን እንዴት እንደ ሣለ፣ የልብሱን እጥፋት እንዴት እንዳወረደ አይቶ፣ ይህ የእገሌ እጅ ነው ባይል እንኳ ይህና ያ የአንድ እጅ ሥራ ናቸው ለማለት ይችላል። የመድረኩ ሠዓሊ ግን ስሙም ሥራውም ይጠፋል። ምክንያቱም ጨርቅ ውድ ነው፤ በአሮጌው ሥዕል ላይ አዲስ ይቀባል።

ጨርቁ ሳይቀባ የቀረበትን ሥፍራ ብንመለከት ነገሩ ይብራራልናል። በስዊድን አገር በድሮትኒንግሆልም ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1766 የተሠራ ቴያትር አለ። ንጉሥ ጉስታቭ 3ኛ እ.ኤ.አ. በ1792 ከተገደሉ በኋላ ቴያትሩ ተዘግቶ የዕቃ ማከማቻ ኾነ። እ.ኤ.አ. በ1921 አንድ ተመራማሪ ገብቶ ቢያይ የመድረኩ ሥዕሎችና ከወለሉ በታች ያሉት መዘውሮች እንደ ነበሩ ተገኙ። አንድ ታላቅ መዘውር ሲዞር በግራና በቀኝ ያሉት ሥዕሎች ዐብረው ይንሸራተታሉ፤ ደኑ በተመልካች ዐይን ፊት ቤተ መንግሥት ይኾናል። መዘውሩን ያበጀው ዶናቶ ስቶፓኒ፣ ለንጉሡ ሥዕል ያዘጋጀው ፈረንሳዊው ዴፕሬ በስማቸው ይታወቃሉ። እነዚህን ነገሮች ያተረፋቸው የባለ ሥልጣን ጥንቃቄ አይደለም። ቤቱ ተረስቶ በአሮጌው ላይ አዲስ የሚቀባ ሰው ስላልመጣ ነው። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ዕድል ያገኘ መጋረጃ ቢኖር ምናልባት በአንድ ትምህርት ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ፣ ከተሰበሩ ወንበሮች ሥር ይኾናል ብለን ነበር ዳሪሙ ላይ መፈለግ የዠመርነው።

ያገኘነው መጋረጃ 6 የአቡጀዲ ቁራጭ ጎን ለጎን ተሰፍቶ የተሠራ ነው። ወርዱ ከ5 ሜትር ጥቂት ያልፋል፤ ቁመቱ 3 ሜትር ነው። ከላይ ገመድ የሚገባበት እጥፋት አለው። በፊቱ የሚታየው የጎንደር ግንብ ነው፤ ክብ ክብ ማማዎቹና ጥርሳም ጫፉ ስለሚታዩ የዐፄ ፋሲል ግንብ መኾኑን ሕፃን ልጅም አይስተውም። ከግንቡ በስተግራ አንድ የሣር ክዳን ጎጆ አለ፤ ከበስተኋላ ሰማያዊ ተራራ ይታያል። በጀርባው የተጻፈ ነገር ቢኖር የዕቃ ግምጃ ቤቱ መዝገብ ቁጥር ብቻ ነው።

መጋረጃውን በመስኮት ብርሃን ፊት ስንዘረጋው ግን ከግንቡ በታች ሌሎች ሥዕሎች ብቅ አሉ። በግንቡ መካከል፣ በር ሊኾን በሚገባው ሥፍራ፣ የጥርሳም መንኮራኩር ክብና የፊደላት ቅርጽ ይታያል፤ ይህ ከ1967 ዓ.ም. በኋላ በየክፍለ ሀገሩ፣ በየአውራጃውና በየቀበሌው ኪነት በተቋቋመበት ዘመን የተቀባ መኾኑ አያጠራጥርም። ከዚያም በታች፣ በቀኝ በኩል ከፍ ብሎ፣ ባለ ረጅም ጭራ ቢጫ ኮከብና የዘንባባ ዛፍ አለ። በሚስዮን ትምህርት ቤት ያደገ ኹሉ ይህን ኮከብ ያውቀዋል፤ በየገናው ትርኢት ሰብአ ሰገልን የሚመራው የቤተ ልሔም ኮከብ ነው። መጋረጃው መዠመሪያ ከሚስዮን የመጣ መኾኑን በኋላ አረጋግጠናል። እንግዲህ በአንድ አቡጀዲ ላይ ሦስት ሠዓሊዎች ሠርተዋል፤ ሦስቱም ስማቸውን አልጻፉም። ምክንያታቸው ግን አንድ አልነበረም። የገናውን የሠራው ለእግዚአብሔር ክብር ብሎ ትቶት ይኾናል። የመንኮራኩሩ ዘመን ሥራን ኹሉ የሰፊው ሕዝብ ነው ይል ነበርና የግል ስም መጻፍ የሚያስነቅፍ ነበር። የሦስተኛውን ምክንያት ከራሱ ከሠዓሊው ሰምተናል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ሥራውን እንመዝን። የግንቡ ሥዕል ደካማ ነው። ማማዎቹ ከግራም ከቀኝም ብርሃን የሚመጣባቸው ይመስል ጥላቸው ወደ ኹለት አቅጣጫ ወድቋል። መስኮቶቹ አንዱ ካንዱ ጋራ አይመጣጠኑም፤ ግንቡ ክብደት የለውም፤ እንደ ተንጠለጠለ ወረቀት ነው። ጎጆው ግን ሌላ ነገር ነው። የክዳኑ ሣር በዝናብ ጠቁሮ ከጫፉ በኩል ሳስቷል፤ ከክዳኑ የሚወጣው ጢስ ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ሣሩን ሰንጥቆ በየቦታው ይተናል። በሩን የያዘው ምሰሶ ባላ እንጨት ነው፤ ባላው የተቈረጠበት ቦታ ነጣ ብሎ ይታያል። ይህን የሠራ ሰው ጎጆ ሲሠራ አይቶ ብቻ ሳይኾን ሠርቶም ያውቃል። በአንድ መጋረጃ ላይ ይህን ያህል ልዩነት እንዴት መጣ ብለን ስንጠይቅ መልሱ ቀላል ነው። አንደኛውን ከዕውቀቱ ሣለው፤ ኹለተኛውን ከቀን መቁጠሪያ ላይ ገለበጠው።

የበለጠው ስሕተት ደግሞ በአሣሣል አይደለም፤ በታሪክ ነው። መጋረጃው የተሰቀለው በኹለት ታሪካዊ ተውኔቶች ላይ መኾኑን ተረድተናል። አንደኛው ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ሞት ነው። መቅደላ ጫፉ ሜዳ የኾነ አምባ ነው፤ ንጉሡ የኖሩት በሣር ክዳን ቤት ነበር፤ የፋሲል ግንብ እዚያ ምን ሊሠራ ይመጣል? ይባስ ብሎ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አስዘርፈው ያቃጠሉ ንጉሥ ናቸው። ተማሪው ተዋናይ በዚያ ግንብ ፊት ቆሞ ሽጉጡን ሲጠጣ፣ ንጉሡ ባቃጠሏት ከተማ ግቢ ውስጥ በሰላም ሲኖሩ ቈይተው የሞቱ መኾናቸው ነው። ደራሲው እንዲህ ያለ ስሕተት ቢጽፍ ኖሮ የታሪክ መምህሩ በቀይ ቀለም ይሠርዘው ነበር።

ኹለተኛው ተውኔት ስለ ጎሬ ነው። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ከወጡ በኋላ የመንግሥቱ መቀመጫ ጎሬ ኾነች፤ ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ አስተዳደሩን ያዙ፤ ልዑል ራስ እምሩም ወደዚያው መጡ፤ በነቀምቴ የተቋቋመው የጥቁር አንበሳ ማኅበርም ከእርሳቸው ጋራ ተባበረ። በኅዳር 1929 ዓ.ም. ጣሊያን ጎሬን ያዘ፤ ጳጳሱን አቡነ ሚካኤልንም ገደለ። የአቡነ ጴጥሮስን ሰማዕትነት ታላላቅ ደራስያን ስለ ጻፉበት፣ ሐውልታቸውም በአዲስ አበባ ስለ ቆመ፣ አገር ኹሉ ያውቀዋል። የአቡነ ሚካኤልን ሞት የመናገር ዕዳ ከሌላው ይልቅ የኢሉባቦር ልጆች ነው። ተማሪዎቹ ይህን አስበው መሥራታቸው የሚያስመሰግናቸው ነው። ነገር ግን ጎሬም በጎንደር ግንብ ኾነች። ከሜቱ በመኪና ብዙ የማይርቅ፣ ከተመልካቹ መካከል ስንቱ በእግሩ የረገጠው ከተማ፣ በአንድ የአቡጀዲ ግንብ ተሰወረ።

እዚህ ላይ «ለትምህርት ቤት ጨዋታ ይህን ያህል ምን ያስጨንቃል?» የሚለን ይኖራል። መልሳችን በተመልካቹ ላይ ነው። ያ ተውኔት የታየው በአማርኛ ነበር፤ ከተመልካቹ ብዙው ግን፣ ይልቁንም እናቶችና ሽማግሌዎች፣ በቤቱ የሚናገረው ኦሮምኛ ነው። አንዳንዱ ቃል ያመልጠዋል፤ ግጥም ሲመጣ ይብሱን ያመልጠዋል። መጋረጃው ግን አስተርጓሚ አይፈልግም። መጋረጃው ተውኔቱ እስኪያልቅ ድረስ ሳይንቀሳቀስ በፊቱ ቆሞ የሚያስተምረው ብቸኛ ነገር ነው። ያ መጋረጃ ደግሞ «ታሪክ ማለት በሰሜን ያለ ግንብ ነው፤ በእናንተ ደንና ጭጋግ መካከል ታሪክ አልተሠራም» ይለዋል። ሠዓሊው እንዲህ ለማለት አስቦ አይደለም። አዘጋጁም አላሰበም። ማንም ሳያስብ የተባለ ነገር ግን ከታሰበው ይልቅ ይዘልቃል። በኦሮምኛ የሚሠራ ተውኔት በትምህርት ቤቶች ከተለመደ በኋላም ያው ግንብ ሲሰቀል መኖሩ ቃሉ ቢለወጥ ሥዕሉ እንዳልተለወጠ ያሳያል።

ጎሬ በኢትዮጵያ ዝናብ እጅግ ከሚበዛባቸው ሥፍራዎች አንዷ ናት። የ1928 ዓ.ም. ክረምት በዚያ ለነበሩት ሰዎች ጭቃ፣ ጭጋግና የሞላ ወንዝ ነበር። በመጋረጃው ላይ ግን ሰማዩ የመስከረም ሰማይ ነው፤ አንድ ጠብታ የለበትም።

ሦስተኛውን ሠዓሊ ያገኘነው በብዙ ጥያቄ ነው። መዠመሪያ የጠየቅናቸው ሰዎች እርስ በርሳቸው አይስማሙም ነበር፤ አንዱ የሥዕል መምህር ነው ይላል፤ ሌላው ከተማሪዎቹ አንዱ ነው ይላል። ራስ እምሩን ኾኖ የተጫወተውን ግን ኹሉም ያለ ስሕተት ጠሩልን። በመጨረሻ የሻይ ቤትና የፀጉር አስተካካይ ማስታወቂያ በመሣል የሚተዳደር አንድ ሽማግሌ ኾነው ተገኙ። ስለ አሠራሩ የነገሩን በየትኛውም መጽሐፍ ያላነበብነው ነው። መዠመሪያ ጨርቁን የስንዴ ዱቄት ሙጫና ጠመኔ ቀላቅለው ይቀቡታል፤ አለዚያ አቡጀዲው ቀለሙን ይጠጣዋል። ቀዩን ከቀይ አፈር፣ ጥቁሩን ከጥላሸት ያወጣሉ፤ የሱቅ ቀለም የሚገዙት ለሰማያዊው ብቻ ነው። ዱቄቱ ግን በኢሉባቦር እርጥበት ይሻግታል፤ አይጥም ይወደዋል። የግንቡ ታችኛ ክፍል ተበልቶ የሚታየው በዚህ ነው። የአውሮፓ የመድረክ ሠዓሊዎች ከእንስሳ ቆዳ የተቀቀለ ሙጫ ከጠመኔ ጋራ ይጠቀሙ እንደ ነበር ብንነግራቸው፣ ቆዳ መቀቀሉ እንደሚሻል፣ ነገር ግን ሽታውን ትምህርት ቤቱ እንደማይታገሠው ነገሩን።

ስለ ግንቡ በትሕትና ጠየቅናቸው። ጎንደርን አይተው አያውቁም፤ መቅደላንም እንዲሁ። የተሰጣቸው አቡጀዲውና አንድ የቀን መቁጠሪያ ሥዕል ነው፤ ይህን አሳድገህ ሣል ተባሉ፤ ሣሉ። ጎጆውን የጨመሩት ጨርቁ ስለ ተረፈ ነው። ጎሬን ግን ያውቋታል። በወጣትነታቸው እዚያ ኖረዋል። የቁልቁለቱን መንገድ፣ የአሮጌዎቹን ቤቶች የቆርቆሮ ክዳን ዝገት፣ ጧት ጧት ጭጋጉ ከደኑ ሲነሣ መዠመሪያ የሚታየው የትኛው ቤት እንደ ኾነ ሳይቀር ነገሩን። ተውኔቱ ስለ ጎሬ መኾኑን የነገራቸው ሰው አልነበረም።

ስማቸውን እንድንጽፍ ፈቃድ ስንጠይቅ ግን እንቢ አሉ። ሥራው የትምህርት ቤቱ እንጂ የእርሳቸው አይደለም ብለው ነበር መዠመሪያ። ቈይተው፣ ጎንደርን ያየ ሰው ግንቡን ቢያየው እንደሚስቅ፣ ስማቸው ከሌለበት ግን የሚስቀው በማንም ላይ እንዳልኾነ አስረዱን። ፈቃዳቸውን አክብረን ስማቸውን ትተነዋል። ምክንያታቸው ግን ከላይ ያልነውን ያጸናዋል፤ ስም አለመጻፍ በደል ብቻ ሳይኾን መጠለያም ነው። መጠለያውን የሚጋሩት ደግሞ እርሳቸው ብቻ አይደሉም። የቀን መቁጠሪያውን የሰጠው አዘጋጅ፣ ያላረመው የታሪክ መምህር፣ ያላስተዋለው ኀያሲ ኹሉ በዚያው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል።

ከክፍል ጓደኞቻችን አንዳንዶቹ ክርክሩን በአንድ ቃል ሊጨርሱት ይፈልጋሉ። የተቀባ መጋረጃ ያለፈበት ነገር ነው፤ ጥቁር ጨርቅ ሰቅሎ የቀረውን ለተዋናዩና ለተመልካቹ ሐሳብ መተው ይሻላል ይላሉ። በሼክስፒር ዘመን የነበረውም መድረክ በሥዕል የተሞላ አልነበረም ብለው ያስረዳሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ያ ተመልካች የተዋናዩን ቋንቋ ከአፉ ይቀበል ነበር። ጥቁሩም ጨርቅ የሚያምረው መብራት ሲኖር ነው። በብሔራዊ ቴያትር አዳራሽ መብራቱ ከጨለማው ውስጥ አንድ ፊት ነጥሎ ያወጣል። በትምህርት ቤት አዳራሽ፣ ከቀትር በኋላ፣ መስኮቱ ኹሉ ተከፍቶ በሚታይ ጨዋታ ላይ ግን ጥቁር ጨርቅ ጥቁር ጨርቅ ብቻ ነው። ለዳሪሙ የሚስማማው የተቀባው መጋረጃ ነው፤ ስለዚህም በደንብ ይቀባ እንላለን።

የምንጠይቀው ነገር ወጪ የለውም። ሠዓሊው ተውኔቱ ገና ሲነበብ ይጠራ፤ ከተዋናዮቹ ጋራ ተቀምጦ ይስማ። በጨዋታው ማስታወቂያ ላይ፣ ፈቃዱ ከኾነ፣ ስሙ ከአዘጋጁ ስም ቀጥሎ ይጻፍ። በመጋረጃው ጀርባ የተውኔቱ ስም፣ ዓመተ ምሕረቱና የሠዓሊው ስም በማይለቅ ቀለም ይጻፍ፤ በላዩ ሌላ ሲቀባም የፊተኛው ሳይሠረዝ የኋለኛው ከሥሩ ይጨመር። በዚህ ኮሌጅ የሚሠሩ ተውኔቶችም ከዚህ ግዴታ ውጪ ሊኾኑ አይገባም፤ በቅርቡ ባየነው የተማሪዎች ጨዋታ ወረቀት ላይ ወንበር ያዋሰው ሰው እንኳ ሲመሰገን፣ በሩንና መስኮቱን ያበጀው አናጢ አልተጠቀሰም።

ሽማግሌው ጎሬን ለመሣል ፈቃደኛ መኾናቸውን ገልጠውልናል። የሚፈልጉት 18 ሜትር አቡጀዲ ነው። ትምህርት ቤቱ ግን አሮጌው መጋረጃ እስካለ ድረስ አዲስ ጨርቅ መግዛት እንደማይችል ስላስታወቀ፣ ጎሬ የምትሣለው በጎንደር ግንብ ላይ ይኾናል። እኛም ከዚያ በፊት ግንቡንም፣ መንኮራኩሩንም፣ ኮከቡንም በፎቶግራፍ አንሥተን፣ ስፋታቸውን ለክተን አስቀምጠናል። ጎጆው እንዳይነካ ጠይቀናል፤ ሽማግሌውም ለጎሬ ይኾናልና ባለበት ይቆያል ብለዋል።